መልስ፦ ፕሪአምፕ ከቀየርኩ በኋላ የሸክላው ጭርጭርታ ለምን ባሰ?

ሸክላው ያው ሆኖ ፎኖ ፕሪአምፑን (ከሸክላ ማጫወቻው የሚመጣውን ደካማ ሲግናል የሚያጎላውን ዕቃ) ስትቀይር ጭርጭርታው ከባሰብህ የተበላሸው ሸክላው አይደለም። መጀመሪያ ፕሪአምፑ ላይ ያለውን ስዊች እይ፣ ካርትሪጅህ (መርፌው ያለበት ክፍል) ኤምኤም፣ ማለትም ማግኔቱ የሚንቀሳቀስበት ዓይነት ሆኖ ስዊቹ ኤምሲ፣ ማለትም ደካማ ሲግናል ለሚሰጠው ጥቅሉ ለሚንቀሳቀስበት ዓይነት ከሆነ ጌኑ (የማጉላት መጠኑ) ከ40 ዲቢ አካባቢ ወደ 60 ስለሚዘል እያንዳንዷ ጭረት ፕሪአምፑን ከአቅሙ በላይ ትገፋውና አጭሯ ጠቅታ ረዝማና ሻክራ ትወጣለች።

ስዊቹ ትክክል ከሆነ የፕሪአምፑን መግቢያ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም) ወደ 100 ፒኮፋራድ አውርደው (የኬብሉም ይደመራል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው)። ሲበዛ 10 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለውን ያጎላዋል፣ ጠቅጠቅታው ደግሞ እዛ ነው ጆሮ የሚበላው። ሎዱ (የፕሪአምፑ መግቢያ ሬዚስታንስ) 47 ኪሎኦም ይሁን።

ብቻ ስዊቹን ስትነካ ቮሊዩሙን ዝቅ አድርግ፣ እኔ ከፍ እንዳለ ነክቼው ትዊተሬን (የስፒከሩን ቀጭን ድምፅ ማውጫ) አቃጥሎብኛል።