ፎሎወር ድምፅ ይሆናል ወይ? ስለ ፓርቲዎች የማኅበራዊ ሚዲያ ተከታዮች ከጅማ የተነሱ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ምርጫ ሲቃረብ የፓርቲዎችን የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የቲክቶክ ተከታይ የሚያወዳድሩ ሠንጠረዦች በየስልኩ መዞር ይጀምራሉ። የውይይት ክበባችን አባላት በዚህ ጉዳይ ጥያቄያቸውን ሰብስበው ሰጥተውኛል። ለዓመታት የድርጅት ገጾችን ሳስተዳድር ስለቆየሁ ተራው ለእኔ ደረሰ። ጥያቄዎቹን በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ጋሼ፣ አንድ ሠንጠረዥ በቴሌግራም ደርሶኛል። አንዱ ፓርቲ ከሌላው እጥፍ ተከታይ አለው ይላል። ምርጫውን እሱ በላው ማለት አይደል?

አይደለም ወንድሜ። ፎሎው ማድረግ አንዴ በጣት መንካት ነው። ዱባይ ያለውም፣ ዋሽንግተን ያለውም፣ ገና አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅም ይነካዋል። ሦስት አካውንት ያለው ሰው ሦስት ጊዜ ይነካዋል። ድምፅ ለመስጠት ግን 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር፣ መመዝገብ፣ ከዚያም በዕለቱ ሄዶ መሰለፍ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። የእኛ ምርጫ በአገር አቀፍ ድምር አይወሰንም። የተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያልፋል፣ ለተሸናፊው የተሰጠው ድምፅ መቀመጫ አያመጣም። ስለዚህ መላ አገሪቱና ውጭ አገር ላይ የተበተነ አንድ ሚሊዮን ተከታይ አንድም ቦታ ላያሸንፍ ይችላል።

የ2013ቱን ምርጫ አስታውስ። ምርጫ ቦርድ ሐምሌ ላይ ይፋ ባደረገው ውጤት ብልጽግና በዚያ ዙር ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች (በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ አልተመረጠም) 410 ወሰደ። ስሙ በመላ አገሪቱ የሚታወቀው ኢዜማ 4 አገኘ። የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ደግሞ እዚያው ጌዴኦ ላይ 2 አገኘ። ይህን ድርጅት በአንዱም የፎሎወር ሠንጠረዥ ላይ አይቼው አላውቅም። ደጋፊው ግን አንድ አካባቢ ነው የሚኖረው። እኛ ኦሮሚያ ውስጥ ደግሞ ኦፌኮና ኦነግ በዚያ ምርጫ አልተወዳደሩም። ገጻቸው የፈለገውን ያህል ተከታይ ቢኖረው፣ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አልነበሩም።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ሌላ አገር ላይ የተከታይ ብዛት ውጤት ተንብዮ ያውቃል? ለጥናቴ ነው።

ጥሩ ርዕስ ይዘሻል። በጀርመን ምርጫ ጀምሪ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ምርጫ በፊት የተጻፉ ከመቶ ሺህ በላይ የትዊተር መልእክቶችን የመረመሩ ሰዎች፣ የፓርቲዎች ስም የተጠቀሰበት መጠን ከድምፅ ድርሻቸው ጋር ተቀራራቢ ነው ብለው ነበር። ብዙ ሰው ተደነቀ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራውን መልሰው ሲያዩት፣ የወንበዴዎች ፓርቲ የሚባለው አነስተኛ የኢንተርኔት ወጣቶች ፓርቲ ከስሌቱ ተትቶ አገኙት። እሱን ሲያስገቡት አንደኛ የሚወጣው እሱ ሆነ። በምርጫው ያገኘው ድምፅ 2 በመቶ ነው።

ብሪታንያ ውስጥ ብሪታን ፈርስት የሚባል ጽንፈኛ ቡድን ፌስቡክ ላይ ከታላላቆቹ ፓርቲዎች የበለጠ ላይክ ነበረው። መሪው በ2016 እ.ኤ.አ. ለለንደን ከንቲባነት ሲወዳደር 31,372 ድምፅ አገኘ፤ ይህ 1.2 በመቶ ብቻ ነው። ሰዎች ያንን ገጽ ላይክ ያደረጉት ስለ ወታደሮችና ስለ እንስሳት የሚለጥፋቸውን ልብ የሚነኩ ፎቶዎች አይተው ነበር። ስለ ፓርቲው ያሰበው ጥቂቱ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የናይጄሪያው የ2023 እ.ኤ.አ. ምርጫ ይመስለኛል። ፒተር ኦቢ በማኅበራዊ ሚዲያ የወጣቶች ንቅናቄ ተፈጥሮለት ኢንተርኔቱን ሞልቶት ነበር። ስልክ ብቻ ያየ ሰው አበቃለት፣ አሸነፈ ይል ነበር። በውጤቱ ወደ 6.1 ሚሊዮን ድምፅ አግኝቶ ሦስተኛ ወጣ። ያሸነፉት ቦላ ቲኑቡ ወደ 8.8 ሚሊዮን አገኙ። ግን ልብ በይ፣ ኦቢ ሌጎስን አሸንፏል። የኢንተርኔቱ ጩኸት ባዶ አልነበረም። ከተማውና ወጣቱ ወዴት እንዳዘነበለ በትክክል አሳይቷል። ያላሳየው ገጠሩን ነው። ከ93 ሚሊዮን በላይ ከተመዘገበው ሕዝብ ደግሞ በዕለቱ የወጣው ከሩብ ትንሽ የሚበልጠው ብቻ ነው። ጥናትሽ ላይ ይህን ክፍተት ብትይዢው ደስ ይለኛል።

ከአጂፕ፦ ፎሎወር ይገዛል የሚባለው እውነት ነው? እንዴትስ ይታወቃል?

እውነት ነው። በሺህ ተቆጥሮ ይሸጣል። የሚመጣው ተከታይ ወይ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ቦት ነው፣ ወይ ሌላ አገር ቁጭ ብሎ ለሳንቲም የሚነካ ሰው ነው።

ስታጣራ መጀመሪያ የተከታዩን ቁጥር ተወውና ከሥር የሚሆነውን እይ። ቴሌግራም ላይ ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር የዓይን ምልክትና ቁጥር አለ። ያ ስንት ጊዜ እንደታየ ነው የሚነግርህ። ሁለት መቶ ሺህ አባል ያለው ቻናል ልጥፉ በሁለት ቀን ሦስት ሺህ ጊዜ ብቻ ከታየ፣ የቀሩት ወይ ቻናሉን ትተውታል ወይ ድሮውንም ሰዎች አይደሉም። እርግጥ ዕይታም ይገዛል፤ ስለዚህ ኮሜንቱንም አንብብ። የሚከራከር፣ የሚቆጣ፣ የሰፈሩን ስም ጠርቶ የሚጠይቅ ሰው አለ? ወይስ አንድ ዓይነት የልብ ምልክትና «በርቱ» ብቻ ነው የተደረደረው? ቁጥሩ በአንድ ሌሊት አሥር ሺህ ዘልሎ ለወራት ቀጥ ካለም ጠርጥር።

ፌስቡክ ላይ «የገጽ ግልጽነት» የሚል ክፍል አለ። ገጹ መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ፣ አስተዳዳሪዎቹ ከየት አገር እንደሆኑ ያሳያል። ይህን ክፍል ሁሉም ሰው ቢለምደው እመኛለሁ። ስለ ፍቅር ጥቅስ ወይም ስለ ሥራ ማስታወቂያ የተከፈተ ገጽ ተከታይ ካጠራቀመ በኋላ ተሸጦ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ የምርጫ ሰሞን የፖለቲካ ገጽ ሆኖ ብቅ ይላል። ተከታዩ ሰው ነው፣ ቦት አይደለም። ግን ፓርቲውን አልመረጠውም። ሥራ ፍለጋ ነበር የመጣው።

የተደራጀ ሥራም አለ። ሰኔ 2013 ላይ፣ ምርጫው ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት፣ ፌስቡክ ኢትዮጵያ ውስጥ የሐሰት አካውንቶችን የሚጠቀም መረብ አገኘሁ ብሎ 65 አካውንቶች፣ 52 ገጾችና 27 ቡድኖች አጠፋ። ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ያላቸው ግለሰቦች እንዳሉበትም ገልጿል። እነዚያን ገጾች ይከተሉ የነበሩት 1.1 ሚሊዮን ያህል አካውንቶች ናቸው። በዚያ ሰሞን የወጣ ሠንጠረዥ እነሱንም ቆጥሮ ከነበረ፣ በማግስቱ የተሳሳተ ሆነ ማለት ነው።

ከቦሳ አዲስ፦ የአንድ ገጽ ተከታዮች ስንቶቹ ጅማ እንደሚኖሩ ማየት እችላለሁ?

አትችልም። የተከታዮችን ከተማ የሚያየው የገጹ አስተዳዳሪ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ቪፒኤን (ያለህበትን አገር ሌላ አስመስሎ የሚያሳይ መተግበሪያ) ካለ ይሳሳታል። በ2015 ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት ሲታገድ ስንቶቻችን በቪፒኤን እንደተጠቀምን ታውቃለህ። ያኔ የጅማ ሰው በስታቲስቲክሱ ላይ የሆላንድ ሰው ይሆን ነበር።

ከአጋሮ፦ የፓርቲውን ገጽ ከፓርቲው ነው ወይስ ከመሪው ገጽ ጋር ነው ማወዳደር ያለብን? የኦሮምኛውና የአማርኛውስ ይደመራል?

መሪን ከመሪ፣ ፓርቲን ከፓርቲ አወዳድሩ። የጠቅላይ ሚኒስትርን የግል ገጽ ከአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ገጽ ጎን ማስቀመጥ ፍትሐዊ አይደለም። የአገር መሪን ሰው የሚከተለው ዜና ለማወቅም ነው፤ የሚቃወመውም ይከተለዋል። እኔ ራሴ የማልስማማባቸውን ፓርቲዎች ሁሉ እከተላለሁ፣ ምን እንደሚሉ ማወቅ ስላለብኝ።

መደመሩም ያሳስታል። አንድ የእናንተ አገር ልጅ የፓርቲውን ዋና ገጽ፣ የኦሮሚያ ቅርንጫፉን፣ የቴሌግራም ቻናሉንና ቲክቶኩን ይከተላል። ሠንጠረዡ አራት ሰው ይለዋል። ቋንቋውን ለየብቻ አስቀምጡት። ለጅማ ዞን የአፋን ኦሮሞው ገጽ ላይ ያለው እንቅስቃሴ ከአማርኛው የበለጠ ይነግረናል ብዬ አምናለሁ። አማርኛ ብቻ አንብበን የአካባቢያችንን ስሜት አወቅን ማለት የለብንም።

ከሰቃ ጨቆርሳ፦ አባቴ ቡና ገበሬ ነው። ስልኩ ባለ በተን ነው፣ ፌስቡክ የለውም። እሱ በየትኛው ቁጥር ውስጥ ነው ያለው?

በየትኛውም ውስጥ የለም፣ እህቴ። ይህን ጥያቄ ስላነሳሽ ከልብ አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

በ2013 ለመምረጥ የተመዘገበው ከ37 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነው። አብዛኛው ገጠር የሚኖር ነው። ዴዶ፣ ቀርሳ፣ ሊሙ ኮሳ ያለው ገበሬ ወሬ የሚሰማው ከሬዲዮ፣ ከገበያ፣ ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከልቅሶ ቤት ነው። ስልክ ያለው ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ዳታ የሚሞላው ወንዱ ልጅ ነው፤ እናትየው ከገጹም ከሠንጠረዡም ውጭ ናት። ምርጫ ጣቢያ ግን አባትሽም እናትሽም እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። የፎሎወር ቁጥር እያሳየ «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» የሚል ማንም ፓርቲ፣ ገዥም ይሁን ተቃዋሚ፣ እነሱን ሳይጠይቅ ነው በስማቸው የሚናገረው። ይህ ያናድደኛል።

ከመርካቶ፦ የእኔ ገጽ 7,000 ተከታይ አለው። እንዲህ ያሉ ሠንጠረዦችን ሼር ባደርግ ችግር አለው?

ትክክለኛ ሠንጠረዥ ችግር የለውም። የፈጠራ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተከታይን ቁጥር ራሱ ይጠቅሳል። ጥፋቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከተፈጸመ ቅጣቱ ይከብዳል፣ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ሊደርስ ይችላል። አንተ መስመሩን አልፈሃል። ስክሪንሾት ከመለጠፍህ በፊት ገጾቹን ራስህ ከፍተህ ቁጥሩን አመሳክር።

ከዚያው፦ በጥሞና ጊዜስ «ገጻችንን ፎሎው አድርጉ» ማለት ይቻላል?

ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉት 4 ቀናት ቅስቀሳ የለባቸውም። ለፓርቲ ተከታይ መሰብሰብ በእኔ እምነት ቅስቀሳ ነው። ተወው።

ከጅሬን፦ ታዲያ ይህ ቁጥር ምንም አይጠቅምም ማለት ነው?

እንደዚያ አላልኩም። መርካቶ ላይ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ ባይገዛም፣ ነጋዴ የትኛው ዕቃ እንደሚጠየቅ ማወቅ ይፈልጋል። ተከታይ የአንድን ፓርቲ የመድረስ አቅም ያሳያል። መልእክቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ለስንት ሰው ማድረስ እንደሚችል፣ ገጹን የሚያንቀሳቅስ ሰው እንዳለው፣ ወጣቱን በምን ቋንቋ እንደሚያናግር ታያለህ።

ንቆ መተውም ጥሩ አይደለም። ሩማንያ ውስጥ ኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ካሊን ጆርጄስኩ የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀው ዕጩ፣ በቲክቶክ ዘመቻ ታግዞ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ የመጀመሪያ ዙር አንደኛ ወጣ። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ ምርጫውን ሰረዘው። ቲክቶክ ላይ ደግሞ የማትከተለው ሰው ቪዲዮ ነው ስልክህ ላይ የሚመጣው። የተከታይ ቁጥር ትንሽ ሆኖ የሚታየው ብዛት ትልቅ ሊሆን ይችላል።

ከቆጪ፦ ክበባችን የራሱን ሠንጠረዥ ቢሠራ ምን ምን ይግባበት?

ብንሠራው እደግፋለሁ። ሁሉንም ገጾች በአንድ ቀን እንክፈት፤ አንዱን ሰኞ ሌላውን ከወር በኋላ አይቶ ማወዳደር ዋጋ የለውም። ቀኑን እንጻፍ። ፌስቡክን ከፌስቡክ፣ ቴሌግራምን ከቴሌግራም ጋር ብቻ እናስቀምጥ፤ አማርኛውንና አፋን ኦሮሞውን እንለይ። ከተከታዩ ቁጥር ጎን የመጨረሻዎቹ አሥር ልጥፎች ያገኙት የምላሽ አማካይ ይግባ። ገጹ የተከፈተበት ዓመትና ስሙ ተቀይሮ እንደሆነም ይግባ። በየሁለት ሳምንቱ እንደግመው፤ ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ነው የሚናገረው።

አንድ ሌላ ዓምድ እጨምራለሁ፦ ገጹ ላይ የጅማ ዕጩ ስም አለ ወይ? ዕጩው ማን እንደሆነ፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ መንገድና ስለ ሥራ ምን እንደሚል ተጽፏል ወይ? «አለ» ወይም «የለም» ብለን እንሙላው። ሠንጠረዡ ሲያልቅ የሁለቱንም ቋንቋ ቅጂ እንለጥፋለን። አፋን ኦሮሞውን የሚያዘጋጅ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ፤ የምትችሉ ንገሩኝ።