አስታማሚውንስ ማን ያሳርፈው? ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው አንድ ጉዳይ የሚመለከቱ ናቸው፤ ይኸውም የተኛ ሕመምተኛ ወይም አቅሙ የደከመ አረጋዊ በቤቱ የሚያስታምም ቤተሰብ፣ ሕመምተኛውን ሳይጎዳ ለጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት እንዴት ማረፍ እንደሚችል ነው። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ጤና ጣቢያዎች፣ በኋላም በደብረ ማርቆስ በነርስነት 27 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ስትሮክ የመታቸውን እናቴን አራት ዓመት በቤቴ አስታምሜያለሁ። ከሁለቱ የበለጠ ያስተማረኝ የኋለኛው ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ከደምበጫ ነኝ። አባቴ ከተኙ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው፤ የማስታምማቸውም እኔ ብቻ ነኝ። ጠያቂ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም፣ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ እፎይ ብዬ አላውቅም። ሰው እያለን ለምን እንዲህ ሆነ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጠያቂ የሚመጣው ሕመምተኛውን ለማየት እንጂ አስታማሚዋን ለማሳረፍ አይደለም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አምስት ሰው ቢመጣ፣ ቡና መቁላቱ፣ ቆሎ ማቅረቡ፣ ስኒ ማጠቡና የአባትሽን ሕመም ከመነሻው እንደገና መተረኩ ያንቺው ሥራ ነው። ይህን ስል ጥየቃን መንቀፌ አይደለም፤ ጠያቂ ያጣ ቤት ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ነገር ግን ከሚመጣው ሰው መካከል ሁለቱን ወይም ሦስቱን ከጠያቂነት ወደ ተረኛነት ማዛወር ይቻላል፤ ለዚህ የሚሆን ሥርዓትም ከውጭ አንፈልግም፣ ወንፈል አለን። ገበሬ ለአረም ወንፈል ሲጠራ በደፈናው "አግዙኝ" አይልም፤ ቀኑን፣ ማሳውንና የሚያስፈልገውን ሰው ብዛት ይናገራል፣ የተቀበለውንም ቀን በቀን ይመልሳል። አንቺም "አልቻልኩም" ከማለት ይልቅ አንዷን ለይተሽ፣ "ማክሰኞ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት አባቴ ዘንድ ተቀመጭልኝ፤ ቡና አላፈላም፣ እኔም ቤት አልኖርም" በያት። "አልቻልኩም" ያልሽውን ሰው ሁሉ "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ" ብሎ ያልፈዋል፤ ማክሰኞ 8 ሰዓት የተባለች ሴት ግን ወይ ትመጣለች ወይ አልችልም ትላለች፣ ሁለቱም ለአንቺ ከምርቃቱ ይሻላሉ። ብድሩን መመለስ አትርሺ። በመኸር ወራት ልጆቿን መጠበቅ፣ ሊጧን ወስዶ እንጀራ መጋገር፣ ገበያ ስትወጪ የእሷንም መሸመት ይበቃል። ምላሽ የሌለው ተራ ከሁለት ወር በላይ ሲዘልቅ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ከጠያቂዎቹ ማንን ልምረጥ?

መልስ፦ ወሬ የማትወድደዋን፣ ቤቷ ቅርብ የሆነችውን፣ ከዚህ በፊት ሰው ያስታመመችውን።

ጥያቄ፦ የፍኖተ ሰላም ነዋሪ ነኝ። የባለቤቴ እኅት በሳምንት አንድ ቀን እናታችንን ልትይዝልን ፈቃደኛ ናት፤ ሆኖም "አንድ ነገር ቢሆኑብኝስ?" ብላ ትፈራለች። ምን ምን ላሳያት?

መልስ፦ ፍርሃቷ ተገቢ ነው፤ የምትፈራ ተተኪ ከምትዳፈር ትሻላለች። መጀመሪያ በአፍ ብቻ መነገር የሌለባቸውን በጽሑፍ አድርጊላት፤ መድኃኒቱንና ሰዓቱን፣ እናታችሁ ምን ዓይነት ምግብ እንደሚውጡ፣ የማን ስልክ እንደሚደወል በትልልቅ ፊደል ጽፈሽ ከራስጌያቸው ግድግዳው ላይ ለጥፊው። ማንበብ የማትችል ከሆነች የጠዋቱንና የማታውን ኪኒን በሁለት ብልቃጥ ለይተሽ፣ በአንዱ ላይ ፀሐይ፣ በሌላው ላይ ጨረቃ ሣዪበት። እናቴን ትጠብቅልኝ የነበረችው ጎረቤቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን አንድም ኪኒን አልተሳሳተችም፤ የተማረው ወንድሜ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል።

ቀጥሎ ማገላበጡ ነው። ራሳቸውን ማዞር የማይችሉ ከሆነ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን መለወጥ ያስፈልጋል። ብዙ ቤት የሚታየው ችግር ሕመምተኛው የሚተኙበት መደብ ከግድግዳ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በአንድ ወገን ብቻ የሚደረስ መሆኑ ነው፤ ተተኪዋ ጎንበስ ብላ ትጎትታለች፣ የእሷ ወገብ ይታመማል፣ የእሳቸውም ቆዳ ይላጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከሁለቱም ወገን ሰው የሚቆምበት አልጋ ላይ አውርዷቸው። ከዚያም አሮጌ አንሶላ ለአራት አጥፋችሁ ከትከሻቸው እስከ ጭናቸው አንጥፉበት፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኙን ጠቅልሎ ይዞ ሲያነሣ ሰውነታቸው አይጎተትም። ብቻዋን ከሆነች ደግሞ የሩቁን ጉልበታቸውን አጥፋ፣ አንድ እጇን ከትከሻቸው፣ ሌላውን ከዳሌያቸው አድርጋ ወደ ራሷ ታዙራቸው። ስታዞር ከወገባቸው በታች፣ ዳሌያቸውንና ተረከዛቸውን ትመልከት። የመኝታ ቁስል መጀመሪያ ምልክቱን መጽሐፉ "የቀላ ቆዳ" ይላል፤ በእኛ መልክ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ከአካባቢው ጠቆር ያለ፣ ሲዳሰስ የሚሞቅ ወይም ጠንከር ያለ ቦታ ካገኘች በዚያ ጎን አታስተኛቸው፣ ቦታውንም አትሸው።

ምግብ ስታበላ ቀና አድርጋ አስቀምጣ፣ አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ አስደርጋ፣ ማንኪያውን ሳትሞላ፣ ስትሮክ መትቷቸው ከሆነ ባልተነካው ወገን ትስጣቸው፤ ከበሉም በኋላ ለ30 ደቂቃ ያህል አታስተኛቸው። ውኃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ አጥሚት ከውኃ ይልቅ ሊቀላቸው ይችላል፤ ይህ ግን በባለሙያ መታየት አለበት። እየበሉ ድምፃቸው ምራቅ እንደሞላበት ከተንቦቀቦቀ ማንኪያዋን ታስቀምጥ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አትንገሪያት። መጀመሪያ አንቺ ስትሠሪ ትይ፣ ቀጥሎ እሷ ስትሠራ አንቺ እዪ፣ ሦስተኛው ቀን ጎረቤት ሂጂ፣ አራተኛው ቀን ገበያ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው። አስታማሚው እስኪያርፍ ድረስ ሕመምተኛን ለአንድ ሳምንት የሚቀበል ሆስፒታል ወይም ተቋም የለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ላይ ተስፋ እንዳትጥል እመክርሃለሁ። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሰውን የሚያስተኙት ለሕክምና ነው፤ ደግሞም በእኛ አገር ሆስፒታል የተኛ ሰው አጠገቡ አስታማሚ ይፈለጋል፣ ስለዚህ ድካሙ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይቀርም። መቄዶንያም የተቋቋመው ደጋፊ ላጡ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ስለሆነ፣ ቤተሰብ ላለው ሰው ለሳምንት የሚያርፉበት ቤት አድርጎ ማሰብ አግባብ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑም የሕክምና ወጪን እንጂ ቤት ከሕመምተኛው ጋር ለሚቀመጥ ሰው የሚከፈለውን አይሸፍንም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የቀበሌውን ቤት ሁሉ ማዳረስ ስላለባት ተቀመጭልኝ ማለት አይገባም፤ ነገር ግን "ተተኪዬ ሲያገላብጥ አይተሽ አርሚው፣ የደም ግፊታቸውንም ለኪልኝ" ብትላት የሥራዋ ድርሻ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድራችን ለዚህ አንድ ነገር ማድረግ አይችልም? ለቀብር ሲሆን ሁሉም ይወጣል።

መልስ፦ ይችላል፤ ደንቡ ግን የሚያውቀው ሞትን ብቻ ነው። አንድ የማውቀው ዕድር በጠቅላላ ጉባኤው ተከራክሮ፣ ከሦስት ወር በላይ የተኛ ሕመምተኛ ላለበት አባል በወር ሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ተረኛ እንዲመደብለት ወስኗል፤ የቀረ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣል። ገንዘብ እንዲሰጥ የቀረበው ሐሳብ ወድቋል፤ በእኔ አስተያየት መውደቁ መልካም ሆነ፣ ምክንያቱም ብሩ ለመድኃኒት ይውል ነበር፣ አስታማሚዋም እንደ ደከመች ትቀር ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው። እናቴ ሉማሜ ናቸው፤ ታናሽ እኅቴ ታስታምማቸዋለች። እዚህ አገር ለአስታማሚ ዕረፍት የሚሰጥ አገልግሎት አለ። ለእኅቴ ይህን መግዛት እችላለሁ?

መልስ፦ በምትኖርበት አገር ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን፣ የሆስፒስ (ማለትም በሕይወት ፍጻሜ የሚሰጥ እንክብካቤ) ሽፋን ያለው ሕመምተኛ፣ አስታማሚው እንዲያርፍ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት በተቋም ሊቆይ ይችላል። በሉማሜ የሚገዛው ተቋም ሳይሆን የሰው ቀን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣ ሴት በደመወዝ ትቀጠር፤ ማንነቷን ግን እኅትህ ትምረጥ እንጂ አንተ በስልክ አትወስን። ገንዘቡን ስትልክ "ይህ ማክሰኞና ዓርብ እማማ ዘንድ ለምትቀመጠው ሴት ነው" ብለህ ለይተህ ላክ፤ "ለእማማ መድኃኒት" ብለህ ከላክኸው እኅትህ ለራሷ ዕረፍት አንዲት ብር ማውጣት ያሳፍራታል። ስትደውልም አስቀድመህ "አንቺስ እንቅልፍ አገኘሽ?" በላት። አገር ቤት ስትመጣ ደግሞ የሌሊቱን ተራ አንተ ያዝ። እንግዳ ሆነህ ከመጣህ፣ አንድ ሰው የነበረው ሥራዋ ሁለት ይሆንባታል።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነኝ። አባቴ የመርሳት ሕመም አለባቸው፤ ሌሊት ይነሣሉ። ዳያዚፓም የሚባለውን የሚያስተኛ መድኃኒት ብሰጣቸው እኔም እተኛ ነበር።

መልስ፦ አይስጡ። በዕድሜ በገፋና በሚረሳ ሰው ላይ ግራ መጋባቱንና መውደቁን ያብሳል፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ ደግሞ ሌሊቱም ቀኑም ይጠፋል። ቀን እንዳያንቀላፉ ፀሐይ ላይ ያውጧቸው፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ይቀንሱባቸው፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ደግሞ ወንድምዎ እሳቸው ዘንድ ተኝቶ እርስዎ ሌላ ቤት ይደሩ። በዚያው ቤት ተኝቼ አርፋለሁ ማለት አይሆንም፤ ጆሮ አይተኛም።

ጥያቄ፦ ከቢቸና ነው። ወንድማችን የአእምሮ ሕመም አለበት። ሁላችን እርሻ ስንወጣ የምናስቀምጠው ሰው ስለሌለን በሰንሰለት እናስረዋለን። እባክዎ አይፍረዱብን።

መልስ፦ አልፈርድም፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ አትጽፉልኝም ነበር። ሆኖም መታሰሩ እግሩን ያቆስለዋል፣ ፍርሃቱንም ያብሰዋል። አስቀድማችሁ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ወስዳችሁ፣ በየወሩ ገደማ የሚወጋው መርፌ ይስማማው እንደሆነ ጠይቁ፤ በየቀኑ ኪኒን ለማስዋጥ የምታደርጉት ትግል ሲቀር የቤቱ ግማሽ ድካም ይቀራል። ከዚያ እርሻውን በወንፈል ስታደርጉ አንዱ ወንፈለኛ ማሳ ሳይወርድ ከእርሱ ጋር እንዲውል አድርጉ፤ ያ ቀን እንደ አረም ቀን ይቆጠርለት። የሚውለው ሰው ወንድማችሁ የሚወድደው ይሁን፤ የሚሰማውን ድምፅ "ውሸት ነው" ብሎ አይከራከረው። ራሱን ወይም ሰውን ለመጉዳት የሚያስብ ከሆነ ግን ነገሩ የተረኛ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ጥያቄ፦ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ። ለማስታመም ፈቃድ ይሰጠኛል?

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱም አንድ ቀን ይጨመራል። ከዚህ ሌላ ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ መውሰድ ይቻላል፣ በዓመት ከሁለት ጊዜ ግን አይበልጥም። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራል። የዓመት ፈቃድዎን ከባለቤትዎ ጋር በአንድ ሰሞን አይውሰዱ፤ አንዱ በጥቅምት፣ ሌላው በሚያዝያ ቢወስድ ተተኪው ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል።

ጥያቄ፦ ወንድሞቼ አባታችንን ሁለት ሱባኤ ጠበል ሊወስዷቸው ነው፤ ግሽ ዓባይ። እኔ ዕረፍት ነው ብዬ ደስ አለኝ፣ ደስታዬ ደግሞ ጸጸተኝ።

መልስ፦ በደስታሽ አትጸጸቺ። የስኳርም ሆነ የግፊት መድኃኒታቸው ከነሰዓቱ ተጽፎ አብሮ ይሂድ፤ የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ በባዶ ሆድ መዋል ራስን እስከ መሳት ስለሚያደርስ ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። አንቺ ደግሞ በእነዚያ 14 ቀናት ጓዳ ስትጠርጊና ጤፍ ስታበጥሪ እንዳትከርሚ።

ጥያቄ፦ መድከሜንስ በምን አውቃለሁ? ሁሉም ሰው ይደክመዋል።

መልስ፦ ዛሪት በሚባል ሰው ስም የሚጠራ፣ 22 ጥያቄዎች ያሉት የአስታማሚ ጫና መለኪያ አለ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሞላል። በእጅሽ ባይኖር እንኳ ሦስት ምልክቶችን ልስጥሽ፤ ለሕመምተኛው የምትናገሪው ቃል ከተናገርሽው በኋላ የሚያስደነግጥሽ ከሆነ፣ የራስሽን መድኃኒት ወይም ቀጠሮ ከአንድ ጊዜ በላይ ከዘለልሽ፣ "ምነው በወሰዳቸው" የሚል ሐሳብ በየቀኑ ከመጣብሽ፣ ተተኪ የምትፈልጊው ዛሬ ነው። ሦስተኛው እኔም ላይ ደርሶብኛል፤ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው "እስኪ መጀመሪያ ተኚ" አሉኝ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሁሉን አዘጋጀሁ፣ ተተኪም አገኘሁ። እናቴ ግን "ከልጄ እጅ በቀር አልበላም" አሉ።

መልስ፦ የኔም እናት እንዲሁ ብለው ነበር። ሴትዮዋን "ልታሳርፈኝ መጣች" ብለሽ አታስተዋውቂ፤ እንደተተዉ ይሰማቸዋል። ለሦስት ቀን ቡና ለመጠጣት ትምጣ፤ ስለ አገራቸው፣ ስለ ወጣትነታቸው ትጠይቃቸው። በአራተኛው ቀን አንቺ እጅሽን ሊጥ አስነክተሽ፣ "እስኪ አንድ ጊዜ ያዢልኝ" ብለሽ ማንኪያውን አቀብያት። እናቴ ያን ቀን ሦስት ማንኪያ በልተው አራተኛውን በእጃቸው መለሱት። በሳምንቱ እኔ ስገባ፣ "አንቺ ደግሞ ቶሎ መጣሽ፣ ወሬ ይዘናል" አሉኝ።