ሺምላን ከእናት ጋር፦ ዝርዝሩን ትተሽ ደረጃውን ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በጥቅምት ከቻንዲጋር ተነስተሽ በሰሜን ሕንድ ባለችው የተራራ ከተማ በሺምላ ሦስት ቀን ልትቆዪ ነው። ሊጠይቁሽ የመጡት እናትሽም አብረውሽ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አሥራ አንድ ቦታ ዘርዝረሽ «በቀን አራት አራት ብንል አይደርስም?» ብለሻል። ይደርሳል፣ እናትሽ ግን አይደርሱም። እኔ ፑንጃብ ስማር አራት ጊዜ ሄጃለሁ፣ አንዱን ከአክስቴ ጋር። ከዚያ የተማርኩትን ልንገርሽ።

ሺምላ ካርታ ላይ ትንሽ ናት። ችግሩ ካርታው ደረጃ አያሳይም። መጀመሪያ ስሄድ የያዝኩት ሆቴል «ከሞል ሮድ 200 ሜትር» ይላል፤ ሞል ሮድ የከተማዋ ዋና የገበያ መንገድ ነው። አልዋሹም፣ 200 ሜትር ነው። ግን ከላይ እስከ ታች ደረጃ ነው! ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ ሳቅኩ። ጠዋት ስወጣ ነው ያለቀስኩት። ስለዚህ ሆቴል ስትይዢ ደውለሽ «ከሊፍቱ ስንት ደረጃ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የውጭ ሰው ይቀበሉ እንደሆነም በዚያው ጠይቂ፤ የማይቀበሉ አሉ። ዋናውን ፓስፖርትና ቪዛ አትርሺ።

ሊፍት ያልኩሽ ዋናው መዳኛችሁ ነው። ሞል ሮድ መኪና አይገባበትም። ታክሲ የሚያወርድሽ ከታች ካርት ሮድ ላይ ነው። ከዚያ የቱሪዝም ሊፍት ሞል ሮድ ድረስ ያወጣል። በአንዱ ወጥተሽ፣ መተላለፊያውን ተሻግረሽ፣ ሌላ ትይዣለሽ። ዋጋው ትንሽ ነው። ዕቃ ከበዛ ኩሊ ያዢ፣ ሒሳቡን ግን ቀድመሽ ተስማሚ።

የከፍታው ነገር አያስጨንቅሽ። ሺምላ 2,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። እናትሽን የሚፈትናቸው ጉልበት እንጂ ትንፋሽ አይደለም።

ስትሄዱ በባቡር ሂዱ። ከካልካ ጠዋት ይነሳል፣ ካልካ ለቻንዲጋር ቅርብ ናት። 96 ኪሎ ሜትሩን ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ግን የታክሲው ጠመዝማዛ ሆድ ይገለብጣል። መስመሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው)፣ የእኛው ባቡር ድሬዳዋ በገባ በዓመቱ ማለት ነው። 102 ዋሻ አለው። ረጅሙን፣ የባሮግን፣ ስታልፉ ባቡሩ ትንሽ ይቆማል፤ እዚያ ወርዳችሁ ሻይ ጠጡ። ቲኬቱን ቀደም ብለሽ ቁረጪ።

የመጀመሪያውን ቀን ለሪጅ ብቻ ተዪው። ከተማዋ ውስጥ ሜዳ የሚባል ነገር ካለ እሱ ነው። በ1857 የተጠናቀቀው ክራይስት ቸርች ዳር ላይ ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር አለ። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ያላችሁበት የተራራ ጀርባ ውኃ የሚከፍል ነው፦ በአንዱ በኩል የወረደ ዝናብ በሳትለጅ ወንዝ ወደ ዓረብ ባሕር ይሄዳል፣ በሌላው በኩል የወረደው በያሙና ወንዝ አድርጎ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ሪጁን ተከትሎ ላካር ባዛር የሚባል የእንጨት ዕቃ ገበያ አለ። ለእናትሽ ከዘራ የምትገዢው እዚያ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን። እኔ ለአክስቴ በመጨረሻው ቀን ገዝቼ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ሁለተኛው ቀን ሕንድን ለእንግሊዝ ይገዛ የነበረው የእንደራሴው (ቫይስሮይ) ቤተ መንግሥት ነው። ሰኞ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አስተካክይ። ከአሥራ አንዱ አንድ ብቻ ምረጥ ብትዪኝ ይሄን ነው። እንግሊዞች ከ1864 ጀምሮ በጋ በመጣ ቁጥር መንግሥታቸውን ከካልካታ ጠቅልለው ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው እዚህ ይወጡ ነበር። ከሙቀቱ ሽሽት ነው። እኛ ከእንጦጦ ብርድ ሸሽተን ወደ ፍልውሃ ወረድን፣ እነሱ ወደ ላይ ሸሹ። ሕንፃው በ1888 ሲያልቅ ከመነሻው የኤሌክትሪክ መብራት ነበረው። በ1945 እንደራሴው ዋቬል የሕንድ ፖለቲከኞችን ሰብስቦ ሳይስማሙ የተበተኑትም እዚሁ ነው። ዛሬ የምርምር ተቋም ስለሆነ ከአስጎብኚ ጋር ጥቂት ክፍሎችን ብቻ ታያላችሁ። ውስጡን ፎቶ ማንሳት አይቻልም። የሚያምረው ግን የአትክልቱ ቦታ ነው፣ ሰዓት ስጡት። ስትሄዱ እስከ በሩ በታክሲ፣ ስትመለሱ ቻውራ ማይዳን እስከሚባለው ሰፈር ቁልቁለቱን ቀስ እያላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ታክሲ። አንቺ ብቻሽን ብትሆኚ ከሪጅ ጀምሮ በእግር ሂጂ እልሽ ነበር፤ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዝግባ መሳይ ዛፍ ጥላ።

ሦስተኛው ቀን የጃኩ ኮረብታ ነው፣ 2,455 ሜትር። በእግር ዳገቱ አይቀመስም፣ እናትሽን አትሞክሪ። በገመድ ላይ የሚሄድ ኬብል ካር አለ። ላይ 33 ሜትር የሚሆን የሃኑማን፣ የሂንዱዎቹ የዝንጀሮ አምላክ፣ ሐውልት ታያላችሁ። ዝንጀሮዎቹ ግን ሌቦች ናቸው። አንዱ መነጽሬን ከዓይኔ ላይ መንትፎኝ ዛፍ ላይ ወጣ። አንድ ሻጭ ምግብ ሲወረውርለት ነው የለቀቀው፣ ለሻጩም ከፈልኩ። መነጽርና ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ ምግብ እጃችሁ ላይ አይታይ።

ከሺምላ ወጣ ብሎ ያለውን ኩፍሪን ከዝርዝርሽ ሰርዢ። ፈረስ፣ ጭቃና ጭቅጭቅ ነው።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። እናትሽ ጽጌን የሚጾሙ ከሆነ «ቬጅ» የሚለውን አትመኚ። ሥጋ የለውም ማለት እንጂ ቅቤውና ወተቱ እንዳለ ነው። ምስሩንም ሽምብራውንም «ቢና ጊ፣ ቢና ዱድ» ብለሽ እዘዢ፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት ማለት ነው። ሻዩም ዝም ካልሽ በወተት ነው የሚመጣው። ጋቢያቸውንም ይዘው ይምጡ፣ ማታ ይበርዳል።

ሆቴሉን ስትመርጪ ሰፈሩን እዚህ ጻፊልኝ። የማውቀው ከሆነ ደረጃው ስንት እንደሆነ እነግርሻለሁ።