የቱን ትችት ልስማ ላልሽው

እህቴ፣ መዝሙር ስትመሪ አንዱ «ለታይታ ነው»፣ ሌላዋ «ድምፅሽ ሌሎቹን ይውጣል» አሉሽ፤ የቱን ልስማ ብለሻል።

እኔ ዘጸአት 18 ትዝ ይለኛል። ዮቶር አማቹ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈርድ አየ። መጀመሪያ ጠየቀው። ከዚያ ፊት ለፊት «ልክ አይደለህም፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ» አለው፤ መፍትሔም ሰጠው። የምድያም ካህን እኮ ነው፣ እስራኤላዊ እንኳ አይደለም! ሙሴ ግን ሰማው። በነህምያ 4 ደግሞ ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ተቃዋሚው ጦብያ «ቀበሮ ቢወጣበት ይፈርሳል» ብሎ በቅጥሩ አላገጠ። ነህምያ ጸለየ፣ ግንባታውንም ቀጠለ።

«ለታይታ» ያለሽ ሰው ልብሽን በምን አየው? እሱን ለብቻሽ በጸሎት እግዚአብሔርን ጠይቂበት። የሁለተኛዋ ግን የሚታረም ነገር ነው። በሚቀጥለው ልምምድ ማይኩን ትንሽ ራቅ አድርጊና እሷኑ «አሁንስ?» በያት።