ጠፈርተኞች አማተር ሬዲዮ ለምን ይማራሉ?

ጥያቄ፦ ጠፈርተኞች የረቀቀ የመገናኛ መሣሪያ እያላቸው የአማተር ሬዲዮ (ግለሰቦች ለንግድ ሳይሆን ለፍላጎታቸው የሚሠሩበት የሬዲዮ ግንኙነት) ፈቃድ ለምን ያወጣሉ? እኔስ ድምፃቸውን መስማት እችላለሁ?

መልስ፦ አንዱ ምክንያት የሰው ናፍቆት ነው። ለወራት በአብዛኛው ከጥቂት ባልደረቦችና ከመቆጣጠሪያ ክፍል ጋር ለሚያወራ ሰው፣ ከማያውቀው ሰው የሚደርሰው ሰላምታ ትልቅ እፎይታ ነው። በር ከፋቹ አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ኦወን ጋሪዮት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ከኮሎምቢያ መንኮራኩር ሆኖ ከምድር አማተሮች ጋር ተነጋገረ። ዛሬ ተማሪዎች ጠፈርተኞችን የሚጠይቁትም በዚሁ ሬዲዮ ነው።

እርስዎም መስማት ይችላሉ። ጠፈርተኞች የሚኖሩበት የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ድምፅ የሚላከው በ145.800 ሜጋኸርዝ ኤፍ ኤም ነው፤ ይህን ሞገድ የሚቀበል አነስተኛ የእጅ ሬዲዮ ይበቃል። ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በፍጥነት ስለሚበር፣ ከአድማስ እስከ አድማስ ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ነው የሚያገኙት። ስለዚህ የማለፊያውን ሰዓት አስቀድመው ይወቁ፤ ደካማው ድምፅ እንዳይቆረጥ ስኩዌልቹን (ደካማ ድምፅን የሚዘጋውን የሬዲዮ ማስተካከያ) ይክፈቱ፤ ድምፁ ሲዳከም አንቴናውን ያዘንብሉ። ጣቢያው ሲቀርብ የሞገዱ ድግግሞሽ 3 ኪሎኸርዝ ገደማ ከፍ፣ ሲርቅ ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል፤ ድምፁ ቢሻክር ምክንያቱ ይህ ነው።

በ145.800 ላይ ግን ፈጽሞ አይናገሩ፤ የሌሎችን መስሚያ ያውካሉ። ጠፈርተኞቹ የሚያዳምጡት በሌላ ሞገድ ነው፤ ለመናገርም ፈቃድ ያስፈልጋል።