አንቴናው ሲታሰር ጣቢያዎቹ የት ገቡ?

ጥያቄ፦ በኮይል (በተጠመጠመ ሽቦ)፣ በተለዋዋጭ ካፓሲተር (ጣቢያ መምረጫው)ና በዳዮድ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ሠራሁ። ኮይሉ 240 ማይክሮሄንሪ፣ ካፓሲተሩ 365 ፒኮፋራድ ነው። 25 ሜትር የሽቦ አንቴና ኮይሉ ጫፍ ላይ ሳስር ከ700 ኪሎኸርዝ በላይ ያሉ ጣቢያዎች ጠፉ፤ የቀሩትም ይደበላለቃሉ። ኮይሉን እንደገና ልጠምጥመው?

መልስ፦ ኮይሉን ለጊዜው አይንኩት። ችግሩ አንቴናው የታሰረበት ቦታ ነው።

በ1,000 ኪሎኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 300 ሜትር፣ ሩቡ ደግሞ 75 ሜትር ነው። ከሩቡ ብዙ የሚያንስ ሽቦ ሰርኪቱ ላይ እንደ ካፓሲተር ይሠራል። የእርስዎ ሽቦ 200 ፒኮፋራድ ገደማ ይኖረዋል፤ ይህም ከተለዋዋጩ ጋር ይደመራል።

እስቲ እናስላው። ካፓሲተሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት፣ የኮይሉና የሽቦዎቹ ተጨምሮ 35 ፒኮፋራድ ቢቀር፣ ሬዞናንሱ፣ ማለትም ሬዲዮው የሚይዘው ፍሪኩዌንሲ፣ 1,700 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። አንቴናው ሲጨመር ግን 235 ፒኮፋራድ ይሆናል፤ ሬዞናንሱም ወደ 670 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። ካፓሲተሩ ሲዘጋ ደግሞ ሬዞናንሱ እስከ 425 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። እንግዲህ ቁልፉን ቢያሽከረክሩ ቢያሽከረክሩ ከ425 እስከ 670 ብቻ ነው የሚሄዱት።

መደበላለቁ ሌላ ምክንያት አለው። ሬዞናንስ ማለት ኃይሉ በኮይሉና በካፓሲተሩ መካከል ሲመላለስ ነው። የአንቴናውና ከመሬት ጋር የሚያያዘው ሽቦ ሬዚስታንስ ይህን ኃይል ይበላዋል። ያኔ ሰርኪቱ አንዱን ጣቢያ ከጎረቤቱ መለየት ያቅተዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ በአንቴናውና በኮይሉ መካከል 10 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ያስገቡ። ያኔ ከአንቴናው የሚደመረው ከ10 አይበልጥም፤ የላይኛው ጫፍም ወደ 1,540 ኪሎኸርዝ ይመለሳል። ድምፁ ትንሽ ይቀንሳል። ሩቅ ጣቢያ የሚፈልጉ ከሆነ 22 ፒኮፋራድ ይሞክሩ፤ ግን መለየቱ ይከፋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም።

እኔ ብሆን ግን ከመሬት ጋር ከተያያዘው የኮይሉ ጫፍ አጠገብ 10 ዙር ያህል ለብቻው ጠምጥሜ አንቴናውን በእሱ በኩል ወደ መሬት እወስደዋለሁ። ጥምጥሙን ማራቅና ማቅረብ ስለሚቻል፣ ጣቢያዎቹ የሚለዩበትን ቦታ በጆሮ እየሰሙ ይመርጣሉ። ዳዮዱንም ከኮይሉ ጫፍ ላይ ያንሱትና ከመሬቱ በኩል አንድ ሦስተኛው ላይ ይሰኩት፤ እሱም ኃይል ይጎትታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ላይኛው ጫፍ አሁንም ካልሞላ፣ ያኔ ከኮይሉ ጥቂት ዙር ይቀንሱ። 5 በመቶ ዙር ሲነሳ ኢንዳክታንሱ (በማይክሮሄንሪ የሚለካው) 10 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ፍሪኩዌንሲው ደግሞ 5 በመቶ ገደማ ይወጣል።