የወላጆችን ክህሎት መለካት ለሙያዬ ይጠቅመኛል?

ውድ እህቴ፣ በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ከአዲስ አበባ ይዘሽ ለንደን ገብተሻል፤ አሁንም በአመጋገብ መዛባት የታመሙ ወጣቶች በሚታከሙበት ክፍል ረዳት ተንከባካቢ ነሽ። በዚያው ክፍል የምርምር ረዳት ቦታ ተከፍቷል፤ ሥራው የወላጆችን የእንክብካቤ ክህሎት በመጠይቅ መለካት ነው። «ልጆቹን ትቼ ቅጽ ሰብሳቢ ልሁን? ወላጅን መለካትስ ጥፋተኛ ማድረግ አይሆንም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

አመልክቺ እላለሁ።

ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር። ወላጆች የሕመሙ ምክንያት ተደርገው የተወቀሱበት ዘመን ነበር። እዚያው ለንደን በሞድስሊ ሆስፒታል 80 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት ግን ሌላ መንገድ አሳየ፤ አኖሬክሲያ (ውፍረትን በመፍራት ራስን ከምግብ የመከልከል ሕመም) በለጋ ዕድሜያቸው ጀምሯቸው ገና ሥር ላልሰደደባቸው ሕሙማን የቤተሰብ ሕክምና ከግል ሕክምና የተሻለ ውጤት አስገኘ። ወላጅ በሕክምናው ውስጥ ድርሻ ካለው፣ የትኛው ላይ በርትቶ የትኛው ላይ እገዛ እንደሚያሻው ማወቅ ግድ ይላል።

የኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት መለኪያ 27 ጥያቄዎች አሉት። ራስን መንከባከብን፣ ሕመሙን መረዳትና መቀበልን፣ ብስጭትን መቻልን፣ ምላስን መሰብሰብንና ሌሎችንም ይጠይቃል። ሁሉም በሥልጠና የሚሻሻሉ ናቸው። የወላጅ ፍቅር እዚያ ውስጥ አይመዘንም።

ምላስን መሰብሰብን ውሰጂ። ልጅቷ ድንቹን በሹካ ከሳህኑ ዳር እስከ ዳር ትገፋለች፤ ሰዓቱ ይነጉዳል፤ እናት «እባክሽ፣ ስለ እኔ ብለሽ» ትላለች። ልመናው ወደ ቁጣ፣ ቁጣው ወደ ክርክር ይዞራል፤ ምግቡም ይቀዘቅዛል። ሳይቆጡና ሳይከራከሩ አጠገቧ ተቀምጦ በረጋ ድምፅ «አይዞሽ፣ ቀጥዪ» ማለት ትልቅ ችሎታ ነው። ጉርሻን እንቢ ማለት እንደ ነውር በሚቆጠርበት ቤት ላደግነው ለእኛ ምን ያህል እንደሚከብድ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ይህን ማዕድ በዓይንሽ ማየትሽ ነው ለቦታው የሚያበቃሽ። ወላጆች የሚሞሉት ስለ ራሳቸው ያላቸውን ግምት ነው። ከሥልጠና በኋላ ነጥቧ የወረደ እናት ክህሎቷ ቀንሶ ላይሆን ይችላል፤ ቀድሞ ያላስተዋለችውን ማስተዋል ጀምራ ይሆናል። እናትና አባት ለየብቻ ሲሞሉም መልሳቸው ሊራራቅ ይችላል፤ ያ ልዩነት ራሱ ለሐኪሙ መረጃ ነው። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ይስታል። በማመልከቻሽ ላይ «ታታሪ ነኝ» ከማለት ይልቅ ይህን ጻፊ።

ወደ ሙያሽ ጥያቄ ልመለስ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት (ሕሙማንን የሚያክም የሥነ ልቦና ባለሙያ) የሚለው መጠሪያ በብሪታንያ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰው የሦስት ዓመት የዶክትሬት ሥልጠና ሲሆን አመልካቹ ብዙ ነው። ሕሙማንን ተንከባክቦ መለኪያም ይዞ የሠራ ሰው የሚያቀርበው አያጣም። ከኢትዮጵያ ያመጣሽው ዲግሪ በብሪታንያ የሳይኮሎጂ ማኅበር እንዲገመገምልሽ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ ብዙዎች ይህን ለመጨረሻ ሰዓት ያቆዩታል።

በቃለ መጠይቁ ላይ አንቺም ጠይቂ፦ ሥራዬን በቋሚነት የሚከታተል ሳይኮሎጂስት ይኖራል? ውጤቱ ለወላጆቹ ተመልሶ ይነገራቸዋል ወይስ ፋይል ውስጥ ይቀራል? ውሉ ስንት ወር ነው? ቪዛሽ የሥራ ለውጥ መፍቀዱን ግን ከማመልከትሽ በፊት አረጋግጪ።